ስክሪን የሌላቸው ሰባት ማሽኖች

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ጠረጴዛ አልተሰጠኝም። የተሰጠኝ ቦርሳ ነው። ቢሯችን ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ክፍለ ከተማ፣ አንድ ፎቅ ላይ ያሉ ሦስት ክፍሎች ነበሩ። የመረጃ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ፈቃዱ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ብርቱካን አንቺ ነሽ?» አሉኝ። አዎ ስላቸው ቦርሳውን አቀበሉኝ። ውስጡ ትንሽ ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ሁለት ገመድ፣ ካቻቢቴና ስልክ ቁጥሮች የተጻፉበት ወረቀት ነበር። «የሲሬው ማሽን ከቆመ አራት ቀኑ ነው። አሁን ከወጣሽ የረፋዱን ሚኒባስ ትደርሺበታለሽ» አሉኝ።

የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች ሰባት ትንንሽ ክሊኒኮች ነበሩት። በየክሊኒኩ የታካሚዎችን መዝገብ የያዘ አንድ ኮምፒውተር ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። ወፈር ያለ የመዝሙር መጽሐፍ ያክላል። ስክሪንም ኪቦርድም የለውም፤ ነርሶቹ በታብሌት በገመድ አልባ ይገቡበታል። ስክሪን ያልተደረገለት መብራት እንዳይበላና ለሌባ እንዳያጓጓ ተብሎ ነው።

ሲሬ ስደርስ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ አዴ አስቴር ቁልፉን ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። «አካም ቡልቴ?» ብላ እንዴት አደርሽ አለችኝ፤ «ነጋ»፣ ደህና ነኝ አልኳት። ቁምሳጥኑን ከፈተችልኝ። ስክሪኔን ስሰካ ጥቁር ገጽ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ብቻ ቆሞ ነበር፤ ዲስኩ ላይ ስሕተት አግኝቻለሁ፣ ላስተካክል ወይ የሚል። የይለፍ ቃሉን አስገባሁ፤ አዎ ለማለት «ዋይ» የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጫንኩ፤ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ደግሜ ተጫንኩ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማሽኑ ተነሳ።

አስቴር ታብሌቷን ከፍታ የሰዎቹን ስም አየች። «ይኼው ነው?» አለች።

«ይኼው ነው።»

«ለዚህ ነው ከነቀምቴ ድረስ ያደከሙሽ?»

ከሲሬ ስመለስ ቀኑ መሽቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሥራዬ ይኸው ሆነ።

ሙያው ላልሆነ ሰው ላስረዳ። ኮምፒውተር ፋይል የሚያስቀምጠው ልክ እንደ ካርድ ክፍል ነው። መደርደሪያ አለ፤ የትኛው ካርድ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚናገር መዝገብም አለ። መብራት በድንገት ሲሄድ ካርዱ ቦታው ገብቶ መዝገቡ ላይ ሳይጻፍ ይቀራል፤ ወይም ተጽፎ ካርዱ ሳይገባ ይቀራል። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ከሁሉ አስቀድሞ መዝገቡንና መደርደሪያውን ያመሳክራል። ትንሿን ስሕተት ራሱ ያስተካክላል። ተለቅ ያለ ሲገጥመው ግን ቆሞ ሰው ይጠይቃል። እስኪመለስለት ድረስ ኔትወርኩንም ስለማይከፍት ከነቀምቴ ሆኜ ልገባበት አልችልም። ስክሪን ስለሌለው ደግሞ ጥያቄውን የሚያይ የለም። ሰዎቹ የሚያውቁት መብራቱ እየበራ እንደማይሠራ ብቻ ነው።

ባትሪ ነበራቸው። ባትሪዎቹ በመጀመሪያው ዓመት ሞቱ፤ ምትክ እንዲመጣ የጻፍኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ስንት ጊዜ እንደታደሰ ረስቼዋለሁ። ስለዚህ መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ከሰባቱ አንዱ ይቆማል። ሰኞ ሲሬ፣ ረቡዕ አርጆ፣ ዓርብ ጊምቢ። የመናኸሪያው ረዳቶች በስም ያውቁኝ ጀመር። ቦርሳዬን ጣሪያ ላይ ልስቀለው ሲሉኝ እንቢ ብዬ ጭኔ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ወገቤ መታመም የጀመረው ያኔ ነው።

መላ ሳልሞክር ቀርቼ አይደለም። አርጆ ላይ ስክሪን ትቼ መጣሁ። በሚቀጥለው ስሄድ ስክሪኑ መጠበቂያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ዲሽ ተቀጥሎለት፣ ታካሚዎቹ ኳስ ያያሉ። ዘበኛው ኦቦ ቶሌራ «ማሽኑ ደህና ሲሆን ስክሪኑ ምን ይሠራል ብለን ነው» አለኝ። አውርደው ልለው አሰብኩና ሰዎቹን አይቼ ተውኩት።

ለጊምቢ ኪቦርድ ብቻ ልኬ በስልክ ልመራቸው ሞከርኩ። እዚያ ያለችው ነርስ ሲስተር ጫልቱ ናት፤ ቁጡ፣ ሥራዋን የምትወድ፣ ስትናገር ኦሮምኛና አማርኛውን የምታቀላቅል ሴት።

«የይለፍ ቃሉን ጻፊ። ጻፍሽ? አሁን ዋይ» አልኳት።

«ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፤ ዋይ የምትባለዋን ፊደል ተጫኚ።»

ሳቋ ስልኩን ሞላው። ግን ሳያዩ መጻፍ አልሆነላትም። አንድ ፊደል ከተሳሳተች ከመጀመሪያው ነው፤ መሳሳቷንም የሚነግራት የለም። ከሰዓት በኋላ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

መፍትሔው መኖሩን አውቅ ነበር። በእያንዳንዱ ማሽን ውስጥ አንድ መስመር አለ። እሷን ብትቀይር ማሽኑ ሲነሳ ማንንም አይጠይቅም፤ ያገኘውን ስሕተት ሁሉ ራሱ አስተካክሎ ሥራውን ይቀጥላል። ስክሪን ለሌለው ኮምፒውተር ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ይህን ይዤ አቶ ፈቃዱ ዘንድ ገባሁ።

አቶ ፈቃዱ ወደ ቢሮ ከመምጣታቸው በፊት ለብዙ ዘመን የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበሩ። ሰው ሲናገር ብዕራቸውን አስቀምጠው ያዳምጣሉ። አዳመጡኝና «ማሽኑ ያለ ሰው ፈቃድ የታካሚ መዝገብ ይነካካል ማለት ነው?» አሉኝ።

«አዎ። ግን እኔም ስሄድ የማደርገው እሱኑ ነው።»

«ሲጠይቅሽ ምን ትመልሻለሽ?»

«አስተካክል እለዋለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«የሚልሽን አንብበሽ ነው?»

«ድሮ» አልኩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት አነብ ነበር። ኋላ ግን ደክሞኝ፣ የመመለሻ መኪና እንዳያመልጠኝ እየፈራሁ፣ ጣቴን ፊደሏ ላይ አስቀምጬ ጥያቄው እስኪያልቅ መጫን ብቻ ሆነ ሥራዬ። ቀሪውን ሳልነግራቸው ተረዱ።

«እንግዲያስ አንብቢ» አሉ። «ሰው ያላየው እርማት አልቀበልም። ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይቻለሁ።» ምን እንዳዩ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ተናድጄ ነበር። በመኪና የሚንገላታው የሳቸው ወገብ አይደለም ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ወደ ጊምቢ የሚወስደው መንገድ ላይ መኪና አያልፍም ተባለ። በየማለዳው መናኸሪያ ሄጄ እጠይቃለሁ፤ ረዳቶቹ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። የጊምቢው ማሽን በዚያው ሳምንት ቆመ። በስልክ ሦስት ጊዜ ሞከርን። ኔትወርኩ መሐል ላይ ይቆረጣል፤ ሲስተር ጫልቱ ከየት እንዳቆመች ትረሳለች፤ ታካሚ ይጠራታል። ክሊኒኮቹ የወረቀት ካርድ እንዲተዉ ከታዘዙ ቆይተዋል። ስለዚህ አዲስ ደብተር ገዝታ የመጣውን ሰው ሁሉ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረች።

በሦስተኛው ሳምንት ደወለች። ሌላ ሰው የደወለ ነው የመሰለኝ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ዲንቂቱ የምትባል ሴት አለች» አለችኝ። «ሦስት ልጆች አሏት። ጉሮሮዋን አሟት መጣች። ያልተስማማሽ መርፌ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አንድ ጊዜ አንዱ መርፌ አሞኝ ነበር፣ ስሙን አላውቀውም አለች። የትኛው ነው? ነጭ ነው አለች። ሁሉም ነጭ ነው፣ ብርቱካን።»

ፔኒሲሊን ነበር የወጋቻት። ሴትየዋ ከአልጋው ሳትነሳ ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሿ ተቆራረጠ። ሲስተር ጫልቱ አድሬናሊን ወግታ፣ ኦክስጅን አድርጋ፣ እጇን ይዛ ተቀመጠች። ዲንቂቱ ዳነች። ግን ለረጅም ደቂቃዎች የምትድን አትመስልም ነበር።

«መዝገቡ ላይ አለ» አለችኝ። «ከሁለት ዓመት በፊት ራሴ ነኝ የጻፍኩት። በቀይ። ማሽንሽ ያውቅ ነበር፤ አውቆ ዝም አለ።»

ዝም አላለም፤ እየጠየቀ ነው ልላት ነበር። ስልኩን ይዤ ቢሮው መተላለፊያ ላይ ቆምኩ። አንዲት ፊደል እስክትጫን ሲጠብቅ ነው ሴትየዋ ልትሞት የነበረው።

መንገዱ ሲከፈት ሰባቱንም ክሊኒኮች ዞርኩ። ለአቶ ፈቃዱ የምርመራ ጉዞ ነው አልኳቸው። በየማሽኑ ውስጥ ያቺን መስመር ቀየርኩ። ከዚያ ወዲያ ራሳቸውን ይጠግኑ አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ቀጥሎ የመጣው ጊዜ በሥራ ዘመኔ ካየሁት ሁሉ ቀሊሉ ነበር። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ማሽኖቹ ይነሳሉ፤ ስልኬ አይጮኽም። ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ምሳዬን ቤቴ መብላት ጀመርኩ፤ ወገቤም ለቀቅ አለኝ። አቶ ፈቃዱ አንድ ቀን «መብራቱ ተሻሻለ መሰለኝ» አሉ። «ይመስላል» አልኩ። ዐይናቸውን ግን አላየሁም።

አንድ ማክሰኞ አስቴር ከሲሬ ደወለች። ብዙ ዙሪያ ጥምጥም ሄደች፤ ስለ ቤተሰብ ጠየቀችኝ፣ ጌታ ይመስገን አለች፣ ስለ ዝናቡ አወራች። ከዚያ «እኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ብርቱካን» አለች። «ሰው ይመጣል፤ ስሙን እፈልጋለሁ፤ የለም። እሱ ግን መዝግበሽኛል ይለኛል። ረስቼ ነው ብዬ እንደገና እመዘግባለሁ። ትላንት ሦስት ሆኑ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ወር ይሆናል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማሽኑ እኮ ይሠራል። የተበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ ነው።»

በሚቀጥለው ሚኒባስ ሄድኩ። ማሽኑ ሲነሳ የሠራውን የሚጽፍበት ማስታወሻ አለው። ያንን ከፈትኩ። በየቀኑ፣ አንዳንዴ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ስሕተት አግኝቻለሁ፣ አስተካክያለሁ ይላል። ዲስኩ አርጅቶ እየተበላሸ ነበር። መደርደሪያው በየቀኑ ሲፈርስ ማሽኑ በየጠዋቱ ከመዝገቡ ጋር የማይገጥመውን ካርድ እያነሳ ጥግ ያለች ሣጥን ውስጥ ይከታል። ሣጥኗ ጠፍተው የተገኙ ፋይሎች የሚቀመጡባት ናት። ከፈትኳት። ስማቸው ወልቆ ቁጥር ብቻ የቀረባቸው ፋይሎች ከላይ እስከ ታች ሞልተዋታል። እንዲህ እንዲያደርግ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አንድም ቀን ገብቼ ማስታወሻውን አላየሁም።

አስቴር ከኋላዬ ቆማለች። ዞሬ ነገርኳት። ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ፣ መስመሯን የቀየርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ማሽኑ በየቀኑ ሲናገር ያላዳመጥኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት።

ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሁለት ወር» አለች። «ሁለት ወር ሙሉ አእምሮዬ እየሄደ ነው ብዬ ሳለቅስ ነበር። ባለቤቴ ነቀምቴ ሆስፒታል ሊወስደኝ ቀጠሮ ይዞልኛል። አንቺ ቢሮሽ ቁጭ ብለሽ!» ተነሥታ ወጣች። ያን ቀን አላነጋገረችኝም። ይቅርታ ማለቴን አስታውሳለሁ፤ መስማቷን ግን አላውቅም።

በማግሥቱ አቶ ፈቃዱ ዘንድ ገብቼ ሁሉን ነገርኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

«ጊምቢ ከተፈጠረው በኋላ ነው?»

«አዎ።»

ይጮኹብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «መጥተሽ ብትነግሪኝ እምቢ እል ነበር» አሉ። «ያ የኔ ጥፋት ነው። ሳትነግሪኝ ማድረግሽ ያንቺ ነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እሰጥሻለሁ። ደብዳቤውን ፈርመሽ ስታበቂ ሲሬ አብረን እንሄዳለን።»

ሄድን። አዲስ ዲስክ ገጠምኩ። ከዚያ ሦስታችን፣ አቶ ፈቃዱ፣ አስቴርና እኔ፣ በካርድ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠን ስም የሌላቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ መክፈት ያዝን። ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የክትባት ቀን፣ የደም ግፊት። እኔ አነባለሁ፣ አቶ ፈቃዱ ይጽፋሉ፣ አስቴር ዐይኗን ጨፍና ታስባለች።

«ሃያ ስድስት ዓመት፣ መንታ የወለደች፣ ገበያው አጠገብ» እላለሁ።

«ቶለሺ። እናቷ ቅቤ ትሸጣለች። ጻፍ።» አቶ ፈቃዱን አንተ ማለቷን ልብ አላለችም፤ እሳቸውም አላረሟትም።

በየቀኑ እየተመላለስን ሦስት ሳምንት ፈጀብን። አስቴር ከግማሽ የሚበልጡትን ሰዎች በቃሏ ለየቻቸው። ያልለየቻቸውን ሰዎቹ ራሳቸው ለሕክምና ሲመጡ ጠየቅናቸው። ያልተገኙም አሉ። በአንደኛው ፋይል ላይ የአንድ ሕፃን ክብደት ለስምንት ወር በየወሩ ተጽፏል፤ ልጁ የማን እንደሆነ ሥራውን ለቅቄ እስክወጣ ድረስ አልታወቀም። አስቴር የአእምሮ ሐኪም ቀጠሮዋን መሰረዟን በሁለተኛው ሳምንት ምሳ ላይ ተናገረች። ለእኔ አልነበረም የነገረችው፤ ለአቶ ፈቃዱ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሻይ ስትቀዳ ለእኔም ቀዳችልኝ።

መስመሯን ወደ ቀድሞዋ እመልሳለሁ ብዬ አስቤ ነበር። አቶ ፈቃዱ ናቸው የከለከሉኝ። «መንገዱ ነገም ሊዘጋ ይችላል። ራሱን ይጠግን» አሉ። «ግን ሲጠግን እንወቅ።» ሁለት ቀን ተቀምጬ ሠራሁት። ማሽኑ ተነስቶ ራሱን ሲጠግን ያገኘውን በአጭር መልእክት ወደ ስልኬና ወደ ስልካቸው ይልካል። በየቀኑ የታካሚዎቹን መዝገብ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ መጠገን የሚጀምረውም ቅጂው መኖሩን አይቶ ነው። አቶ ፈቃዱ ቅንብሩን በወረቀት አስጽፈው በስማቸው ፈረሙበት፤ ከሥሩ እኔም ፈረምኩ። ያ ወረቀት የቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ከዚያ በኋላም ማሽኖች ቆመዋል። የደምቢ ዶሎው ተቃጥሏል፤ የነጆውን ገመድ አይጥ በልቶታል። ቦርሳዬን ይዤ ሄጃለሁ። ግን ስሄድ ምን እንደሆነ አውቄ ነው የምሄደው፤ አዲሱ ዲስክም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሲስተር ጫልቱ ዲንቂቱን ክሊኒኩ በር ላይ አግኝታ ሰላምታ ልካልኛለች። ዲንቂቱ እኔን አታውቀኝም፤ ሰላምታው የጫልቱ ነው።

አቶ ፈቃዱ ጡረታ ሲወጡ በሽኝቱ ላይ አልተናገርኩም፤ መናገር አልችልበትም። እኔ ደግሞ ባለፈው ዓመት ወገቤ ከመኪና ጋር አልስማማ ብሎ ሥራውን ለቀቅኩ። በቦታዬ ለገባችው ባለሙያ ቦርሳውን አስረከብኳት። የይለፍ ቃሎቹን አንድ በአንድ አስጻፍኳት፤ የሰባቱን የካርድ ክፍል ሠራተኞች ስምና ስልክም ጨመርኩላት። ሲሬ ስትደርስ አስቀድማ አስቴርን እንድታነጋግር ነገርኳት።

ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሥራ ላይ ላላችሁ ነው። ስክሪን የሌለው ማሽን ሲነሳ ራሱን እንዲጠግን አድርጉት፤ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ሰው ይጎዳል። ከመጠገኑ በፊት ቅጂ ይኑረው። የጠገነውን በዚያው ቀን በስሙ ለሚታወቅ አንድ ሰው ይላክ፤ ለቢሮው በጠቅላላ አይደለም። ሁለት ቀን ተከታትሎ ከጠገነ ዲስኩን ቀይሩት።